ማሚቱ ጋሼ ብቻዋን አልተተወችም

በ1962 ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የሆነ አንዲት የገጠር ልጅ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል መጣች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ለቀናት ያማጠችው ሕፃን ሞቷል። ምጡ ጠንቶና ረዝሞ ሰውነቷን ስለ ጎዳው ሽንቷን መያዝ አቅቷታል፤ ጉዳቱ ፊስቱላ ይባላል። ስሟ ማሚቱ ጋሼ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ በለንደን የሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለእሷና ለአስተማሪዎቿ ለዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እና ለዶክተር ካትሪን ሐምሊን የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመ። ያቺ ታማሚ ልጅ በዓለም የታወቀች የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆና ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተን “እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው” ብለን አድንቀን አልፈነዋል። ማድነቁ ተገቢ ነው፤ ማለፉ ግን አይገባም። ነገሩን ተአምር ብለን ስንተወው የተሠራበት መንገድ ይጠፋብናል። ማሚቱን ለዚያ ያበቃት ደረጃ በደረጃ የሄደ፣ ዓመታት የፈጀና አስተማሪ ከጎኗ ያልተለየበት ሥልጠና ነው። ዛሬ በጌዴኦ ዞን፣ በዲላ፣ በይርጋጨፌ፣ በቡሌ ወይም በገደብ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ ጋውን ለብሳ ኦፕሬሽን ክፍል የምትገባ አዲስ ነርስ የሚያስፈልጋት ያ መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድልባትም እሱው ነው።

ከልዕልት እስከ ገበሬ ልጅ

ማሚቱ የታከመችበት ሆስፒታል የተሰየመው ራሳቸው በነርስነት በሠለጠኑ ሴት ስም ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፣ ፋሺስት ጣሊያን በ1935 አገራችንን ሲወር፣ ከእናታቸው ከእቴጌ መነን ጋር ሴቶችን አስተባብረው ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ያዘጋጁ ነበር። ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ሲሰደድ ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ጀመሩ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆናቸው ትምህርቱን አላሳጠረላቸውም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሥርዓት ተማሪ ነርስ የምትማረው ዋርድ ውስጥ እየሠራች ነበር፤ ከበላይዋ ያለችው ሲስተር እያየች ታርማታለች፣ የተሳሳተውንም ታስደግማታለች። ልዕልቲቱ በ1939 የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ከዚያም “ይበቃኛል” ሳይሉ ጋይስ በተባለው ሌላ የለንደን ሆስፒታል ሥልጠናቸውን ቀጠሉ።

አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ተመልሰው ብዙም አልቆዩም፤ በ1942 ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በሃያ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክኸርስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው በስማቸው ያሠሩት ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ያ ነው።

ሐምሊኖች በ1959 ወደዚህ ሆስፒታል ሲመጡ በዋናነት የተቀጠሩት ለማስተማር ነበር፤ ሥራቸው የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ማቋቋም ሲሆን ውሉም ለሦስት ዓመት ነው። ማስተማር ከሥራ ሰዓት በሚተርፍ ጊዜ የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን የተቀጠሩበት ሥራ ነበር። ማሚቱ የደረሰችው እንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ ነው።

ከሕክምናው በኋላ ወደ መንደሯ አልተመለሰችም። አልጋ ማንጠፍ፣ ማጽዳት፣ እንደ እሷ ተጎድተው የመጡ ሴቶችን ማጽናናት ጀመረች። ዶክተር ሬጂናልድ ትጋቷንና የእጇን እርጋታ አይተው ወደ ኦፕሬሽን ክፍል አስገቧት። መጀመሪያ አየች። ከዚያ መያዝና ማቀበል ጀመረች። ቀጥሎ የቀዶ ሕክምናውን አንዳንድ ክፍል በአስተማሪዎቿ ዐይን ሥር ሠራች፤ በመጨረሻም ሙሉውን። ማንበብና መጻፍ የተማረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሐምሊኖች በ1974 የራሳቸውን አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሲመሠርቱ አብራቸው ነበረች። ወይዘሮ ማሚቱ በሥራ ዘመናቸው ከአገር ውስጥም ከውጭም የመጡ፣ ዲግሪ የያዙ ሐኪሞችን እጅ ይዘው አስተምረዋል። በ2018 ቢቢሲ ከዓለም መቶ ተጠቃሽ ሴቶች አንዷ ብሎ መርጧቸዋል።

ያ ትምህርት ቦታም ተሻግሯል። ፊስቱላ ሆስፒታሉ ከከፈታቸው አምስት የክልል ማዕከላት አንዱ ይርጋለም ነው። ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ አፖስቶ ላይ ወደ ይርጋለም የሚገነጠለው መንገድ ይገኛል። ስለዚህ ይህ ምሳሌ ለጌዴኦ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከደጁ ደርሷል።

ከምሳሌው የሚወሰደው የተሳሳተ ትምህርት

“ማሚቱ ትምህርት ቤት ሳትገባ እየሠራች ከተማረች፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠች ነርስ እየሠራች መማር እንዴት ያቅታታል?” የሚል ሊኖር ይችላል። አነጋገሩ እውነት ይመስላል፤ ብዙ ጉዳትም ያመጣል። ማሚቱ ሥራ ላይ ተማረች እንጂ ሥራ ላይ አልተጣለችም። ያላየችውን እንድትሠራ፣ ያልተፈተነችበትን ብቻዋን እንድትሸፍን አልተደረገችም። የአዲሲቱ ነርስ ዕጣ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው።

እስቲ በእኛ አካባቢ የሚሆነውን እናስብ። ጌዴኦ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ገጠሮች አንዱ ነው። በአገራችን የጤና አደረጃጀት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል፣ በቀዶ ሕክምና ማዋለድን የመሰለ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምናም እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። ከዚያ የበለጠው ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ይላካል። ዲላ ላይ የጤና ሳይንስ ትምህርት ከ1996 ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዚያ የሚመረቁ ነርሶች ዞኑን አልፈው ብዙ ቦታ ያገለግላሉ። ለአካባቢው ትልቅ ሀብት ነው።

ይሁንና ጠቅላላ ነርስ በትምህርት ቆይታዋ የምትዞርባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው፦ ውስጥ ደዌ፣ ሕፃናት፣ ማህፀንና ጽንስ፣ ድንገተኛ፣ አእምሮ ሕክምና፣ የማኅበረሰብ ጤና። ኦፕሬሽን ክፍል ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። እዚያም ተማሪዎች በዝተው ስለሚገቡ አብዛኛው ከግድግዳ ተጠግቶ ከሰው ትከሻ ላይ የሚያይ ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ዕቃ ማቀበል የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው። ከሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲበዙና የሚቀበሉት ተማሪ ሲጨምር፣ የኦፕሬሽን ጠረጴዛውና ልምድ ያላቸው አስተማሪዎች ቁጥር በዚያው ልክ አልጨመረም። በመማሪያ ክፍል አንድ ወንበር መጨመር ይቻላል፤ በአንድ ቀዶ ሕክምና ግን ዕቃ የምታቀብል ሁለተኛ ነርስ መጨመር አይቻልም።

እንዲህ ተመርቃ የተመደበች ነርስ አንድ ሌሊት ዱቲ ላይ ሳለች ከገደብ በሪፈር የመጣች ምጥ የጠናባት እናት ትገባለች እንበል። ልምድ ያላት ነርስ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ናት። “ሲስተር፣ ስክራብ ግቢ” ትባላለች፤ ታጥበሽ ዕቃ አቀብዪ ማለት ነው። ያቺ ልጅ ምን ምን ማወቅ እንዳለባት ላስታውስ። እጇን በሥርዓቱ ለደቂቃዎች ታጥባ፣ ጋውንና ጓንት ምንም ሳትነካ ታጠልቃለች። ከአውቶክሌቭ የወጣው ጥቅል ረጥቦ ከሆነ ምንም ያህል ቢቀቀል ንጹሕ እንዳልሆነ አውቃ መመለስ አለባት። ጎዙን፣ መርፌውንና መሣሪያውን ከመጀመሩ በፊት ትቆጥራለች፤ ማህፀን ሲዘጋ ትቆጥራለች፤ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት እንደገና ትቆጥራለች። ደም ሲፈስ ሐኪሙ ስም እስኪጠራ ሳትጠብቅ የሚቀጥለውን ዕቃ እጁ ላይ ማድረስ ይጠበቅባታል። ከውጭ የምትዘዋወረው ነርስ ደግሞ ደም በኤሌክትሪክ ሙቀት የሚያቆመው የካውተሪ መሣሪያ ሳህን ከታካሚዋ ሰውነት ጋር በደንብ ካልተያያዘ ቆዳ እንደሚያቃጥል፣ የታካሚዋ ክንድ ያለቅጥ ከተለጠጠ ነርቭ እንደሚጎዳ፣ የተወሰደው ናሙና ስም ካልተጻፈበት ታካሚዋ ዳግም ልትቀደድ እንደምትችል ማወቅ አለባት።

ይህ ሁሉ በንባብ ይታወቃል፤ በንባብ ብቻ ግን እጅ አይለምደውም። ጉዳቱ ደግሞ ወዲያው አይታይም። ሆድ ውስጥ የቀረ ጎዝ የሚታወቀው እናቲቱ ገደብ ቤቷ ገብታ ትኩሳት ሲጀምራት ነው። የተበከለ ቁስል የሚመግለው ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለመመለሻ ትራንስፖርትና ለመድኃኒት የሚከፈለው ከቡና ለቀማ የተገኘችው ያቺው ጥቂት ገንዘብ ናት። ነርሷም ያጠፋችውን ስለማታየው ከስህተቷ አትማርም።

ሌላም ጉዳት አለ። ሳታውቀው እንድትሠራ የተገደደች ልጅ ፍርሃቷን ትደብቃለች። “አላውቀውም” ማለት ስንፍና መስሎ እንዲታይ በሚያደርግ ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚያውቅ ይመስላል። ጎበዞቹ እንዲህ ካለው ክፍል ዝውውር ጠይቀው ይወጣሉ፤ የሚቀረውም የተሳሳተውን ልማድ ለቀጣዩ አዲስ ገቢ ያወርሳል።

የማሚቱ ሥልጠና ምን ነበረው?

አንደኛ፣ ቅደም ተከተል ነበረው። ማየት፣ መያዝ፣ ማቀበል፣ በዐይን ሥር መሥራት፣ ብቻ መሥራት። ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋገራት የሠራችው ሥራ ነው እንጂ የቆየችበት ቀን ብዛት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጠባብ ጀምሮ ጠለቀ። ማሚቱ አንድን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ደጋግማ እስኪዋሃዳት ድረስ አየች፣ ሠራች። ለጌዴኦ ሆስፒታሎች ይህ ግልጽ ምክር ነው። አዲሷ ነርስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዛሬ ስብራት፣ ነገ ትርፍ አንጀት፣ ከነገ ወዲያ ታይሮይድ እያለች አትበተን። በብዛት በሚሠራው፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ትጀምር። የዕቃውን ስም፣ ቅደም ተከተሉን፣ ቆጠራውን፣ አደጋ ሲመጣ የሚደረገውን በእሱ ላይ ታጥና። አንዱን አሳምራ ስትይዝ ሁለተኛው ከባዶ አይጀመርም፤ መታጠቡም፣ መቆጠሩም፣ ንጽሕናውም ያው ነውና።

ሦስተኛ፣ አስተማሪው ታውቆ የተመደበ ነበር። “ከማንም ጠይቂ” የተባለች ነርስ በተግባር የምትጠይቀው ሰው የላትም። ልምድ ያላት ሲስተር ስታስተምር ደግሞ የራሷ ሥራ ሊቀልላት ይገባል። ሙሉ ፈረቃ ሸክሟ ላይ አዲስ ሰው ደርበንባት ለምን በደንብ አላሳየችም ማለት በደል ነው።

አራተኛ፣ የተማረው እዚያው ቆየ። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ነርሶች በየጊዜው ከክፍል ክፍል ይቀያየራሉ። ለአንዳንድ ሥራ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ኦፕሬሽን ክፍልን ግን ያራቁታል። ስድስት ወር ተለፍቶባት ገና ስትበስል ወደ ተመላላሽ ሕክምና የምትዛወር ነርስ ድካሟንም የአስተማሪዋንም ድካም ይዛ ትሄዳለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። የማሚቱ ታሪክ ትምህርት ቤትን የሚያጣጥል አይደለም። ንጽሕና ለምን እንደሚጠበቅ፣ ተህዋስ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ የሰውነት ክፍል የት እንዳለ ያላወቀች እጅ ፈጣን ብትሆንም አታስተማምንም። ልዕልት ፀሐይ የተማሩበት ሥርዓት ዕውቀትንና ሥራን አንድ ላይ ያስኬድ ነበር። አዲሲቱ ነርሳችን ዕውቀቱን ይዛ መጥታለች፤ የቀረው የእጅ ሥልጠና ነው፤ እሱም የቀጠራት ሆስፒታል ዕዳ ነው።

ይቻላል ወይ?

“እኛ አገር ይህ አይቻልም፤ ሰው የለም፣ ገንዘብ የለም” ለሚል ሁለት መልስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እና በ2008 በስምንት ከተሞች አንድ ገጽ የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቼክሊስት ሞከረ። ከስምንቱ መካከል ለንደንና ቶሮንቶ ነበሩ፤ ኢፋካራ የምትባል የታንዛኒያ የገጠር ከተማም ነበረች። በ2009 የወጣው ውጤት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ ችግርም ከ11 ወደ 7 በመቶ መውረዱን አሳየ። ቼክሊስቱ የሚጠይቀው ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከመቀደዱ በፊት እና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ቆም ብሎ መጠያየቅን ነው። ከመቀደዱ በፊት ሁሉም ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገራል፤ በመጨረሻው ላይ ደግሞ ነርሷ ቆጠራው መሙላቱን ጮክ ብላ ትናገራለች። ለአዲስ ነርስ የዚህ ትርጉም ትልቅ ነው፤ ከሐኪሙ ፊት የመናገር ድርሻ ተሰጥቷታል። ቆጠራው ሳይሞላ “ይቁም” የማለት ሥልጣን አላት።

ሁለተኛው መልስ ከዚሁ ከአገራችን ነው። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት “ክሊን ከት” የሚለውን ፕሮግራም ጂማ ላይ ጀምሮ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሞክሮታል። የተመለከታቸው ነገሮች ስድስት ናቸው፦ የእጅና የቆዳ ጽዳት፣ የጋውንና የመሸፈኛ ጨርቅ ይዞታ፣ ፀረ ተህዋስ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ የመሣሪያ ንጽሕና፣ የጎዝ ቆጠራና የቼክሊስት አጠቃቀም። የቀዶ ሕክምና ቁስል ብክለት ከሠላሳ በመቶ በላይ ቀነሰ። አብዛኞቹ ነገሮች የነርስ እጅ ያለባቸው መሆናቸውን ልብ ይሏል። ውጤቱን ያመጣው በዋናነት የሠራተኞቹ አሠራር መስተካከሉ ነው።

መንግሥትም ቢሆን ይህን መንገድ ያውቀዋል። ሐኪም በማይደርስበት ወረዳ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ የጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን የተጀመረው በ2009 ነው። የቀዶ ሕክምና አገልግሎትን ለማስፋትና ደህንነቱን ለመጠበቅ ብሔራዊ ዕቅድ የወጣውም ከዚያ በኋላ ነው። ቢላውን ለሚይዘው የታሰበውን ያህል ቢላውን ለምታቀብለውም ይታሰብ። ሁለቱ የቆሙት አንዲት እናት ፊት ነው።

ጌዴኦም ከአስተማሪ ጎን እየሠሩ መማርን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቡናን፣ እንሰትንና ትልልቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ የማኖር ጥበብ ለዘመናት የተላለፈው ልጅ ከወላጁ ጎን እየሠራ ነው። ዩኔስኮ በ2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከጫካው ጋር ይህንኑ ዕውቀት አክብሯል። ትናንት የመጣ ልጅ ላይ ማሳውን ጥሎ የሚሄድ ገበሬ የለም።

ሥልጠናም ለችግር ጊዜ የሚቆይ አይደለም፤ በጸጥታ ጊዜ ቀድሞ የሚሠራ ነው። በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ የአካባቢው ጤና ተቋማት ከአቅም በላይ ተጨናንቀዋል። እንዲያ ባለ ሳምንት ማንንም ማስተማር አይቻልም፤ የሚገኘው ቀድሞ የተማረው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከማሚቱ ታሪክ ለዛሬ የሚሆነው ሥራ ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲው የተማሪውን ቡድን አሳንሶ፣ እያንዳንዱ ሳይመረቅ በፊት ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ የሠራበትን የሚያስፈርምበት መዝገብ ይስጠው። የሆስፒታሉ ማትሮን አዲስ የተመደበችን ነርስ በሌሊት ዱቲ ሰው መሙያ አታድርጋት። ሐኪሙ “ዶክተር፣ ይህን አላየሁትም፤ አሳዩኝ” የምትለውን ነርስ አይቆጣት፤ ታካሚውን እየጠበቀችለት ነውና። ነርሷም ሆነ ነርሱ ይህን ለመናገር አይፈሩ። ይህን ለመጀመር ዲላ አዲስ ሕንፃም ውድ መሣሪያም መጠበቅ የለባትም። ለእያንዳንዷ አዲስ ነርስ ስሟ የታወቀ አንዲት አስተማሪ መመደብና፣ ያቺ አስተማሪ “ችላለች” ብላ እስክትፈርም ድረስ ልጅቷን ጠረጴዛው ፊት ብቻዋን አለማቆም ይበቃል።